ዘጠኝ ፍጅል ፍለጋ፣ ከግንፍሌ እስከ አፍንጮ በር

ከንጋቱ 11፡40፣ ግንፍሌ ወንዝ ዳር

ረቡዕ ነው። ሰማዩ በቀበና በኩል ወገግ ማለት ሲጀምር ከሥላሴ በታች ባለው ቁልቁለት ወርጄ ጋሽ በየነ ጓሮ ገባሁ። የጥቅምት ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከላይ የኪዳን ድምፅ ይሰማል፤ ጋሽ በየነም እዚያው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ኪዳን አያስታጉሉም። ለዚህ ነው ማታ በስልክ፣ "ታምሩ፣ እኔን አትጠብቀኝ። መደቡን ታውቀዋለህ፤ ራስህ ንቀል። ጨርሰው፣ ሰላጣ ልተክልበት ነው" ያሉኝ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፦ የአትክልት ነጋዴ ነኝ። ሱቅ የለኝም፤ ያለኝ ጆንያ፣ ስልክና ደንበኛ ነው። ሥራውን የጀመርኩት አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ዘመን ነው፤ ተራው ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ቲማቲምና ሽንኩርት ሁሉም ይሸጣል። እኔ የምይዘው ሌላው የማይደፍረውን ነው፤ ፐርሰሜሎ፣ ሴለሪ፣ ፍጅል።

ፍጅል ፈረንጆቹ ራዲሽ የሚሉት ነው። የጎመን ዘመድ ነው። ሥሩ ይበላል፣ ቅጠሉ ይበላል፣ ካበበ በኋላ የሚያወጣው እሸት እንኳ እንደ ቃሪያ ይነከሳል። ይሄን ሁሉ ጥቅም ተሸክሞ የአዲስ አበባ ሰው ሲያየው፣ "ይሄ ምንድነው፣ የታመመ ካሮት ነው?" ይላል።

የጋሽ በየነ ፍጅል ሱፐርማርኬት ውስጥ እንደምታዩት ክብና ቀይ አይደለም። ከስንዝር የሚበልጥ ነጭ ነው፤ ትከሻው ላይ ብቻ ሐምራዊ ይሆናል። ሲነክሱት መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ አፍንጫ ውስጥ ይደርሳል። የሚያጠጡት ደግሞ ከወንዙ ሳይሆን ከድንጋዩ ሥር ከምትወጣው ምንጭ ቀድተው ነው። ጥሬውን ለሚበላ ነገር ደንበኛ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ውሃውን ነው።

መንቀል ጀመርኩ። መደቡ መሃል ስደርስ ዘጠኝ ጉደኛ ፍጅሎች ቅጠላቸው ላይ ሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ ታስሮላቸዋል። ልቤ ሞቀ። በእኛ ተራ ጆንያ ላይ ፌስታል ከታሰረ ተሽጧል፣ ባለቤቱ እየመጣ ነው ማለት ነው። ጋሽ በየነ ምርጥ ምርጡን ለኔ አስቀመጡልኝ አልኩና አመስግኜ ነቀልኳቸው። እያመሰገነ የሚሰርቅ ሌባ ከኔ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ።

የቀሩትን እንደ ልማዴ አናታቸውንና ጭራቸውን ቀንጥሼ አጠብኩ። ለሆቴል የምሰጠው እንደዚያ ነው፤ ቅጠል ካለበት ቶሎ ይጠወልጋል። ዘጠኙን ግን ለመቁረጥ እጄ እንቢ አለ። ፌስታሉን ብቻ ፈትቼ፣ ከነቅጠላቸው ከነጭራቸው፣ ሦስት ሦስት አድርጌ ለሦስት ሰው መደብኳቸው። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ማለት ለኔ እነሱ ሦስቱ ናቸው።

ከጠዋቱ 12፡50፣ አራት ኪሎ

ጆንያዬን ይዤ የፒያሳ ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

"ፋዘር፣ ጆንያው ይከፍላል" አለኝ ወያላው።

"ወንበር ስጠውና ይክፈል።"

"ምንድነው የያዘው?"

"ፍጅል።"

አሽተት አደረገና ፊቱን አዞረ። "በነፃ ይግባ" አለ።

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁሉንም አድርሼ ጨረስኩ። የተቀነጠሱትን ለሁለት ሆቴሎች፣ ምርጦቹን ለሦስቱ ደንበኞቼ። ሁሉም ጎበዝ አለኝ። እኔም አመንኩ።

ከጠዋቱ 2፡30፣ ፒያሳ

ፒያሳ አሁን ሰፊ ናት። ድሮ እግረኛ መንገዱ ላይ ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨን ይቅርታ እንጠያየቅ ነበር፤ አሁን ወዲያ ማዶ ያለን ሰው ሰላም ለማለት መጮህ ነው። የማውቃቸው ቤቶች ብዙዎቹ የሉም። መብራቱ ግን ያምራል፣ አግዳሚ ወንበሩም ተመችቶኛል። ማኪያቶዬን ይዤ አንዱ ላይ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጠራ። ጋሽ በየነ ናቸው።

"ታምሩ።"

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ኪዳን ወጣ?"

"ወጣ። ፌስታል የታሰሩትን አየሃቸው?"

"አየኋቸው እንጂ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ያስቀመጡልኝን አግኝቻለሁ።"

ጋሽ በየነ ሲናደዱ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ይጠፋል።

"ነቀልካቸው?"

"ለኔ ያሰሩልኝ መስሎኝ።"

"ለዘር የተውኳቸው ናቸው።"

ማኪያቶው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የጋሽ በየነን ዘር የማያውቅ ደንበኛ የለም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በልጅነታቸው እዚሁ ፒያሳ አንድ የግሪክ ቤተሰብ ቤት ይሠሩ ነበር። የቤቱ እመቤት ከጓሯቸው ፍጅል ዘር አንድ ጭብጥ ሰጠቻቸው። ቤተሰቡ ሄደ፣ ጓሮውም ጠፋ፤ ዘሩ ግን በእትዬ ዘነበች እጅ ቀረ። በየዓመቱ የተዋቡትን ይመርጡና ሳይሸጡ መሬት ላይ ይተዉአቸዋል። እነሱ ያብባሉ፣ ያፈራሉ፣ ዘሩ ደርቆ በሲሮፕ ጠርሙስ ይቀመጣል። እትዬ ዘነበች ዓምና አርፈዋል።

"ጠርሙሱ ውስጥስ አልተረፈም?"

"ክረምቱ አሻገተው። ደህናውን ለቅሜ ነው ይሄንን መደብ የዘራሁት። ሌላ የለኝም።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "አናታቸውን ቆርጠሃል?"

"የነሱን አልቆረጥኩም። ከነቅጠላቸው ነው የሰጠኋቸው።"

መተንፈሳቸው ተሰማኝ። "እንግዲያው መልሶ ቢተከል ይይዛል። ቅጠሉ ያጥር፣ ግድ የለም። አናቱ ግን አይነካ፤ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልልባቸው፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው።"

"ስንት ላምጣልዎ?"

"የተገኘውን ነዋ። ግን ፍጅል ብቻውን ቢያብብ ዘር አይሰጥም፣ ጓደኛ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ከሆኑም ዘሩ ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል። አምስት ብታገኝ ጥሩ ነበር።"

ዘጋሁትና ተነሣሁ። ፍጅል መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ "ያልተበላ አለ?" ብዬ ደንበኛ ቤት ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ከጠዋቱ 2፡45፣ ሐጂ ኑሩ ፉል ቤት

መጀመሪያ ወደ ፉል ቤቱ፤ ቁርስ ማንንም አይጠብቅም። ሐጂ ኑሩ አባታቸው የመናዊ ናቸው፤ ከሳቸው የወረሱት ልማድ ነው፣ ፉሉ ጎን ፍጅልና ጨው ካልተቀመጠ ፉል አይሉትም። ቤቱ ሞልቷል። የሞቀ ዳቦ፣ ከሙን፣ የተፈጨ ባቄላ፣ ከላይ ዘይት ያብለጨልጫል።

"ሐጂ፣ ጠዋት የሰጠሁዎትን ሦስት ፍጅል መልሱልኝ።"

"የበሉትንም ሰዎች አብረህ ትወስዳለህ?"

"የምሬን ነው። ስንቱ ተበላ?"

"አንዱ ተከትፏል።" ቀጥለው በአገጫቸው ጥግ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ጠቆሙኝ። "አንዱ ደግሞ እዚያ ነው።"

አንድ የታክሲ ሹፌር ፍጅሉን እንደ ዱላ ጨብጦ ጨው ውስጥ እየነከረ ነው።

"ወንድሜ፣ አትንከሰው" አልኩት።

"ለምን? ተመርዟል?"

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሐጂ አፈጠጡብኝ። "ታምሩ፣ ቤቴን ልታዘጋው ነው የመጣኸው?"

መሃል ቆሜ ለሕዝቡ ማብራሪያ ሰጠሁ። አልተመረዘም፤ ለዘር የተቀመጠ ነው፤ አንድ ሽማግሌ በስሕተት ተነቅሎባቸዋል። ማን እንደነቀለው አልገለጽኩም። ሐጂ ግን ያውቁኛል። "በስሕተት የነቀለው ሰውዬ ጆንያ ይዞ የሚዞር ነው?" አሉ፤ ቤቱ ሳቀ፣ ማንኪያውም ተመለሰ።

ሹፌሩ በእጁ ያለውን አገላብጦ አየው። "ግማሹን እኮ በልቼዋለሁ።"

"የበላኸው ከጭራው ነው። አናቱ ደህና ነው።"

"ከኔ ጥርስ የተረፈ ይበቅላል?"

"ይሞከራል።"

በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ከበቀለ በስሜ ጥሩት። ግርማ ነኝ።"

ሦስተኛው ባንኮኒው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥሏል፤ ሐጂ ለውበት ነው የሰቀሉት። ሲያወርዱት፣ "የዘነበች ፍጅል ነው አይደል?" አሉኝ። "እሷ ስታመጣ አንድ በአንድ ነበር የምትቆጥርልኝ። 'ይሄን ለሰው አትስጠው፣ አንተ ብላው' ትለኝ ነበር። እኔ ግን ለደንበኛ እሰጠው ነበር።" የእጃቸውን ፎጣ ቧንቧው ሥር አርጥበው ጠቀለሉልኝ። ፎጣውን መልስ አላሉኝም፤ ከሐጂ የማይጠበቅ ነው።

አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ።

ከጠዋቱ 3፡20፣ እሪ በከንቱ

በእግሬ ወረድኩ። እሪ በከንቱ ውስጥ እትዬ አስናቀች ሁለት ክፍል ቤታቸውን ምግብ ቤት አድርገዋል፤ የጾም ቀን ምሳቸውን የሚያህል የለም። ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ሲቁላላ ገና ከመታጠፊያው ሸተተኝ። በፍጅል ቅጠል ጎመን የሚሠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከጎመን ትንሽ መረር ይላል፣ ቶሎ ይበስላል፣ ከሽሮ ጋር ሲቀርብ የቢሮ ሰዎች "ጎመኑ ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጣፈጠው" ይላሉ፤ እሳቸውም ምስጢሩን አይነግሯቸውም።

"እትዬ፣ ሦስቱ ፍጅሎች የት አሉ?"

"ድስት ውስጥ። ምነው፣ አጉድለህ ሸጠህልኝ ጸጸተህ?"

ነገርኳቸው። ማማሰያውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "አንተ በሰው ዘር ላይ ምን እጅህን ዶለው?" አሉኝ። ጥግ ላይ ወዳለው ጎድጓዳ ሳህን ሄዱ። የሁለቱ ቅጠል ከነአናታቸው ተቆርጦ ተነሥቷል፤ ቢላዋው ሐምራዊውን ትከሻ ይዞ ነው የሄደው። እነሱ አልቀዋል። ሦስተኛው ግን ከነቅጠሉ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

"ይሄ ተረፈ" አልኩ።

"አልተረፈም። እሱ የኔ ምሳ ነው። ሰዉን ሁሉ ካበላሁ በኋላ በሎሚና በሚጥሚጣ እበላዋለሁ። በቀን ቁጭ ብዬ የምበላው እሱን ብቻ ነው።"

"ሌላ አመጣልዎታለሁ።"

"ከየት? ዘሩን ጨርሰኸው የለ?"

እዚህ ላይ ያደረግኩትን በነጋዴነት ዘመኔ አድርጌው አላውቅም። ክርክር አቆምኩ። እትዬ አስናቀች ትንሽ አዩኝና አንድ ሳህን ነጭ ሽንኩርት ፊቴ አስቀመጡ።

"ላጥ። ስትጨርስ ትወስደዋለህ።"

"ፍጅሉ እኮ እየደረቀ ነው።"

"ውሃ ውስጥ ነው፣ አይደርቅም። የሚደርቀው የኔ ድስት ነው።"

ላጥኩ። ጥፍሬ ሥር እስኪቃጠል ላጥኩ። እሳቸው ከድስቱ ሳይዞሩ፣ "ባልየው ደህና ናቸው?" አሉኝ።

"ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።"

"ሰው የሚያጠጣው ነገር ካጣ ክፉ ነው" አሉ። ሳህኑ ሳያልቅ ፍጅሉን ከውሃው አውጥተው ሰጡኝ። "ሂድ፣ አትንቀራፈፍ። የቀረውን እኔ እልጠዋለሁ።"

ሁለት ሙሉ፣ አንድ ግማሽ።

ከጠዋቱ 4፡25፣ አፍንጮ በር

ዳገቱን ስወጣ ፀሐይዋ በርትታለች። እርጥቡን ፎጣ በሸሚዜ ከልዬ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ፤ አንዲት ሴት እያለፈች፣ "እሰይ፣ ያሳድግልህ" ብላኛለች። አሜን አልኩ፤ ምኞቱ ለሁለታችንም ይሆናል።

ወይዘሮ ማርታ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ከጸሎት ቤት ወዳጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ሌላ በር የሚያንኳኳ የለም፤ እኔ በሳምንት አንዴ። ከክረምት ጀምሮ ሳል ይዟቸዋል። ለዚያ ነው ፍጅል የሚገዙኝ፤ አናቱን እንደ ክዳን ይቆርጣሉ፣ ውስጡን ይቦረቡራሉ፣ ማር ይሞሉበታል። ሲያድር ማሩ ውሃ ይሆናል፣ እሱን በማንኪያ ይጠጡታል። ይድን እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ይተኛሉ።

በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያየሁት ጠረጴዛው ላይ የቆመ የተቦረቦረ ፍጅል ነው። ሁለቱ ጎኑ ተጋድመዋል፣ አልተነኩም።

"ታምሩ? የረሳኸው ነገር አለ?"

"አለ፣ ቲቸር። ሁለቱን ልወስድብዎት ነው የመጣሁት።"

ተቀመጥ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኩ፤ እዚህ ቤት ማን ነቀለው የሚለውን መደበቅ አይቻልም። በመሃል ሳሉ። ሳሉ ሲቆም ሁለቱን ፍጅሎች አዩ፣ እኔን አዩ።

"አንዱ ለነገ ነበር፣ አንዱ ለከነገ ወዲያ" አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። የሰው መድኃኒት አውጡ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ከጠየቅኩ በኋላ ነው። "ይቅር፣ ቲቸር። እርስዎ ይጠቀሙበት" ብዬ ተነሣሁ።

"ቁጭ በል። እስካሁን ስንት አገኘህ?"

"ሁለት ከግማሽ።"

"የሚፈለገው?"

"አምስት።"

"ሁለቱን ብሰጥህ?"

"አራት ከግማሽ።"

"ግማሹ ከያዘ አምስት። ስለዚህ የኔ ሁለት ከሌሉ ሂሳቡ ፈጽሞ አይሞላም።" ተነሥተው ሁለቱን አመጡልኝ። "እኔ በማሩ ብቻም አድራለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"አልጨረስኩም። ዘሩ ሲደርስ አሥር ፍሬ እፈልጋለሁ፣ በረንዳዬ ላይ በቆርቆሮ እተክለዋለሁ። ለፉል ቤቱም ስጥ፣ ለምግብ ቤቷም ስጥ። ለአቶ በየነም ይሄንን ንገራቸው፤ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ቤት፣ አንድ መደብ። እንደዚህ የተቀመጠ ነገር አንተ ባትነቅለውም ሌላ ነገር ይነቅለዋል።"

እሺ አልኩ። ስድስተኛ ክፍል ትምህርት ሳቋርጥ እንዲህ ዓይነት አስተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ከቀኑ 5፡30፣ ግንፍሌ

ከስድስት ኪሎ በታክሲ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በእግሬ ቁልቁል። ጋሽ በየነ ባዶው መደብ ጫፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰላጣው ችግኝ ጥላ ሥር እንደተከመረ ነው፤ አልተከሉትም። አፈሩን ግን አላልተው፣ ፍግ ቀላቅለው፣ አምስት ጉድጓድ ቆፍረዋል። አምስት።

ፎጣውን ፈታሁ። አራቱን ተራ በተራ አንሥተው አናታቸውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ቅጠላቸውን በቢላዋ ጣት እስኪያክል አሳጠሩት። ከዚያ ሶፍቱን ከፈቱ።

"ይሄን ማነው የነከሰው?"

"ግርማ የሚባል የታክሲ ሹፌር።"

"ጥርሱ ጥሩ ነው" አሉ። ቁራጩን ፀሐይ ላይ አገላብጠው አዩት። "ቁስሉ ትንሽ ይድረቅለት። አመድ አድርገንበት እንተክለዋለን።"

ተንበርክከን ተከልን። እሳቸው ያስገባሉ፣ እኔ አፈር እመልሳለሁ። "ትከሻውን አትቅበረው፣ ይተንፍስ።" "እሺ።" "አትርገጠው።" "እሺ ጋሼ።" እየሠራን የወይዘሮ ማርታን መልእክት ነገርኳቸው። አራተኛውን ጉድጓድ ውስጥ አስገቡና፣ "ዘነበች ዘር አትሰጥም ነበር" አሉ። "ሰው ይንቀዋል ብላ ትፈራ ነበር። የጠየቀም አልነበረም።"

"አሁን ሦስት ሰው ጠይቋል።" የጠየቁት ወይዘሮ ማርታ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹን ሁለቱን ሊጠይቁ እንደሚችሉ ቆጥሬ ጨመርኳቸው።

የግርማን ፍጅል አመድ ነስንሰው የመጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጡት። ተነሥተው ወገባቸውን ያዙ። አምስቱም አፈሩ ላይ ሐምራዊ ትከሻቸውን ብቻ አውጥተው ተቀምጠዋል።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አሉኝ። "መምረጡን የምታውቀው እሷ ነበረች። የኔ ማጠጣት ነበር። ዘንድሮ ብቻዬን መደቡ መሃል ስቆም የትኛውን እንደምተው ጨነቀኝ። ሦስት ቀን ዞሬ ነው ዘጠኙን የያዝኩት። ትክክለኞቹን ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅኩም።"

"ጋሼ፣ እኔ ሃያ ዓመት የምኖረው ምርጥ በመለየት ነው። ምልክት ባያደርጉባቸውም ከዚያ መደብ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፍባቸው እነዚያው ዘጠኙ ነበሩ።"

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"እውነትህን ነው?"

"ዋሽቼዎት የማውቀው በዋጋ ነው። በዕቃ ዋሽቼዎት አላውቅም።"

ጋሽ በየነ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ድምፅ ግን የለውም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ባልዲውን አነሡና አቀበሉኝ።

"እንግዲያው የሚቀጥለውን አብረን እንመርጣለን" አሉ። "አሁን ከምንጯ ቅዳ።"